እምዬን ከመጋረጃው ማውጣት፦ የአንድ ፎቶ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017

አያቴ እምዬ ለእንቁጣጣሽ 80 ዓመት ይሞላታል። ትክክለኛውን ቀን የሚያውቅ የለም። "አደይ ሲፈነዳ ነው የተወለድሽው" ስለተባለች እኛ መስከረም 1 ብለን ይዘነዋል። አክስቴ ትናንት ደወለችልኝ። "ያቺን የፋሲካዋን ፎቶ በትልቁ አሳትመን ሳሎን እንስቀልላት። ግን ያንን መጋረጃ አጥፊልኝ" አለች።

ፎቶውን ሁላችንም እንወደዋለን። እምዬ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ጣል አድርጋ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አነባብራ፣ ፈገግ ልትል ስትል ነው የተነሳችው። ከኋላዋ አረንጓዴ መጋረጃ አለ። በግራ በኩል ግማሽ የግድግዳ ካላንደር፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የቲቪ ገመድ ይታያል። ፊቷ ሲታይ ሌላው ሁሉ ይረሳል። በትልቁ ሲታተም ግን ገመዱም ካላንደሩም አብረው ይተልቃሉ።

ዛሬ የሠራሁት ልኬቱን ብቻ ነው። ኤ3 ወረቀት ላይ ይሁን ብለናል። ይህ 297 በ420 ሚሊ ሜትር ነው። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲሰላ 3508 በ4961 ፒክስል ይመጣል። እኔ ጋ ያለው ፎቶ በቴሌግራም የመጣ ስለሆነ ረጅሙ ጎኑ 1280 ፒክስል ብቻ ነው። ያንን ኤ3 ላይ ብዘረጋው 77 ዲፒአይ ገደማ ይሆናል። የነጠላዋ ክር ጭራሽ አይታይም። ስለዚህ ፎቶውን ላነሳው ለአክስቴ ልጅ ጻፍኩለት፦ "ዋናውን ከስልክህ ፈልገው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላክልኝ።" ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክለት ይጨምቃል። እንደ ፋይል ሲላክ አይነካውም።

እሁድ፣ ነሐሴ 4

ዋናው መጣ፤ 3024 በ4032። እምዬን ሳላሳድጋት፣ እንዳለች ሸራው (ባዶው የኤ3 ገጽ) ላይ ላስቀምጣት እችላለሁ። ዙሪያዋን የሚሞላው አዲሱ ጀርባ ነው።

የምሠራው ጊምፕ በሚባል የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ ኮምፒውተሬም ይችለዋል። መጋቢት ላይ የወጣው 3.0 ደግሞ ፊልተሩን ከምስሉ ጋር ሳያዋህድ ለብቻው ያስቀምጣል። ነገ ሐሳቤን ብቀይር ተመልሼ ቁጥሩን አስተካክላለሁ ማለት ነው። ፎቶሾፕ ያላችሁም የምጽፈውን አብዛኛውን እዚያው ታገኙታላችሁ። የሚለያየው የቁልፉ ቦታ ነው።

መጀመሪያ ባክግራውንድ በአንድ ጠቅታ የሚያጠፋ መተግበሪያ ሞከርኩ። ሶፋውን፣ ካላንደሩንና ገመዱን በሦስት ሴኮንድ አጸዳቸው። ለፓስፖርት ፎቶ ቢሆን ሥራው እዚያ ያልቅ ነበር። የእምዬን ነጠላ ግን በመቀስ እንደተቆረጠ ወረቀት አደረገው። ዘርፉ የለም። ከትከሻዋ በላይ ያለው ስስ ቦታ ደግሞ አረንጓዴ እንደሆነ ቀርቷል። ትክክለኛ ቃሉን ልጠቀምና፣ ነጠላው ሻገተ።

ስለዚህ በእጅ። ጠንካራ ጠርዝ ያላቸውን ቦታዎች፣ ማለትም እጆቿን፣ ቀሚሷንና ጉልበቷን፣ በፓዝ ቱል ነጥብ በነጥብ ዞርኳቸው። ነጥቦቹን በተቻለኝ መጠን አራርቄ ነው ያስቀመጥኩት። የሰው ክንድ ረጅም ቅስት ስለሆነ ሁለት ሦስት ነጥብ ይበቃዋል። ነጥብ ሲበዛ ጠርዙ ይንቀጠቀጣል። መስመሩንም ከትክክለኛው ጠርዝ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ወደ ውስጥ አስገባሁት። ጠርዙ ላይ ያለው ፒክስል ግማሹ እምዬ፣ ግማሹ መጋረጃ ነው። እሱን ይዤ ብወጣ አዲሱ ጀርባ ላይ አረንጓዴ ክር መስሎ ይከተለኛል።

ላጲሱን አልነካሁትም። በላጲስ የተሰረዘ ነገር ጠፋ ማለት ነው። ምስሉ ላይ የሚደረበው ማስክ ግን ይሸፍናል እንጂ አያጠፋም። ማስኩ ላይ ነጭ የተቀባ ይታያል፣ ጥቁር የተቀባ ይደበቃል፣ ግራጫ የተቀባ በከፊል ይታያል። ይህ ግራጫ ነገ ከነገ ወዲያ ሥራውን ሁሉ የሚሸከምልኝ ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

ዛሬ ሙሉ ማታውን የበላው ነጠላው ነው።

ፎቶውን 400 ፐርሰንት አቅርቤ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ አየሁት። ከሩቅ ሲታይ ነጭ ጨርቅ ነው። ከቅርብ ሲታይ ድርና ማጉ ይቆጠራል። በክሮቹ መካከል ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ በእያንዳንዷ ቀዳዳ መጋረጃው አጮልቆ ያያል። ሸማኔው ዘርዘር አድርጎ የሠራው እንዲህ እንዲሆን ነው። ነጠላ ነጠላ የሚሆነው አየር ሲያሳልፍ፣ ብርሃን ሲያሳልፍ ነው። ስለዚህ መጋረጃው ከነጠላው ኋላ ብቻ አይደለም ያለው። ውስጡ ነው። ጠርዙን በመቁረጥ አይወጣም። ጥያቄው "ነጠላው የት ያበቃል?" አይደለም። "እዚህ ነጥብ ላይ ስንት እጁ ክር፣ ስንት እጁ መጋረጃ ነው?" ነው።

ይህን መለካት ይቻላል። ቀለም መልቀሚያውን ይዤ ሦስት ቦታ ወሰድኩ፤ ቁጥሮቹ ከ0 (ጨለማ) እስከ 255 (ብሩህ) ናቸው። መጋረጃው ብቻውን ያለበት ቦታ ቀይ 62፣ አረንጓዴ 110፣ ሰማያዊ 78 ነው። ነጠላው ብዙ ጊዜ ተጣጥፎ ምንም የማያሳልፍበት ቦታ 236፣ 234፣ 228 ነው። አንድ ገጽ ሆኖ መጋረጃው ላይ የተዘረጋበት ቦታ ደግሞ 158፣ 182፣ 166።

በቀዩ ብናሰላው፦ ከ62 እስከ 158 ያለው ርቀት 96 ነው። ከ62 እስከ 236 ያለው 174 ነው። 96 ለ174 ሲካፈል 0.55 ይሆናል። በአረንጓዴው 0.58፣ በሰማያዊው 0.59 ወጣልኝ። ሦስቱም ተቀራርበዋል። ነጠላው እዚያ ቦታ ላይ 57 እጅ ገደማ ክር፣ 43 እጅ ገደማ ክፍተት ነው ማለት ነው። ነጠላው ሁለት ገጽ በሚደራረብበት ቦታ ክፍተቱ በክፍተት ይባዛል። 0.43 በ0.43 ሲባዛ 0.18 ያህል ነው። ስለዚህ 82 እጅ ይሸፍናል። ፎቶው ላይ ሄጄ ለካሁት፤ 80 አካባቢ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ማንም ያላየው የሸማኔ ሒሳብ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ተገለጠልኝ። ቀዩ ቻናል ላይ፣ ማለትም የምስሉ የቀይ መጠን ብቻ በሚታይበት፣ መጋረጃው በጣም ጨለማ፣ ነጠላው በጣም ብሩህ ነው። ልዩነታቸው ከሦስቱ ቻናሎች ሁሉ የሚበልጠው እዚያ ነው። ቀዩን ቻናል ወደ ሴሌክሽን (የተመረጠ ቦታ) ቀየርኩና ከዚያው ማስክ አወጣሁ። ከዚያ ማስኩ ላይ ሌቭልስን (የጨለማና የብርሃን መወሰኛውን) ከፍቼ ጥቁሩን ጫፍ 62 ላይ፣ ነጩን ጫፍ 236 ላይ አሳረፍኩ። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ጠቆረ፤ ድፍኑ ነጠላ ሙሉ በሙሉ ነጣ፤ ስሱ ቦታ በየልኩ ግራጫ ሆነ። ዘርፉ እንኳ አንድ በአንድ ወጣ። ይህን በብሩሽ ልሥራው ብል ሳምንት ይፈጅብኛል፤ እንደዚህም አያምርም።

ጊምፕ ውስጥ ከለር ቱ አልፋ የሚባል ለዚሁ የተሠራ ፊልተር አለ። አንድ ቀለም ትሰጡታላችሁ፣ እሱን ከምስሉ ያወጣዋል። ሞክሬዋለሁ። መጋረጃው አንድ ወጥ ቀለም ቢሆን ኖሮ እሱ ይበቃኝ ነበር። መጋረጃ ግን እጥፋት አለው። በእጥፋቱ ጉያ ቀዩ 62 ሳይሆን 35 ነው። ስለዚህ ነጠላውን በሦስት ከፍዬ ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠሁት፣ መገናኛቸውን በለስላሳ ብሩሽ አዋሓድኩት።

ሁለት ችግር ቀረ። አንደኛው፣ ማስኩ ክፍተቱን ከፈተ እንጂ ክሩ ላይ ያረፈውን አረንጓዴ አላጠበውም። ስሱ ቦታ ላይ ያለውን የፎቶ ቀለም ትቼ በምትኩ የድፍኑን ነጠላ ነጭ፣ 236፣ 234፣ 228ን፣ ሞላሁበት። የክሩን ቅርጽ የሚሸከመው ማስኩ ስለሆነ ምንም አልጎደለም። ሁለተኛው፣ አንገቷ ስር ያለው እጥፋት ጥላ ስላለበት ማስኩ "ይሄ ስስ ነው" ብሎ ተሳሳተ። ጨለማና ስስነትን አይለይም። እዚያ ቦታ ማስኩን በዶጅ ቀስ እያልኩ አነጣሁት፤ የፎቶውን ቀለምም እንዳለ ተውኩት።

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል። ነገ ሥራ አለኝ።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ጀርባው ምን ይሁን የሚለው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ነበር። ኢንተርኔት ላይ ብራና፣ ኮንክሪት፣ የተጨማደደ ወረቀት፣ የፈለጋችሁት ቴክስቸር ሞልቷል። አንዱም የእምዬ አይደለም።

ከቢሮ ስወጣ ወደ እሷ ሄድኩ። ፍልሰታ ስለሆነ ከቅዳሴ የምትመለሰው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ስደርስ ጓሮ ነበረች። ከግቢው ጀርባ ያለችው ማድ ቤት እስካሁን ጭቃ ናት። እሷ ራሷ ናት የመረገቻት፤ እናቴ ሕፃን እያለች። ግድግዳው ላይ የጤፍ ጭዱ ይታያል። ከጭዱ በላይ ደግሞ ቅስት ቅስት የሚሠራ መስመር አለ። ልስኑን በመዳፏ ስታለሰልስ የቀረው የጣቶቿ ፈለግ ነው። ከግራ ታች ተነስቶ ወደ ቀኝ ላይ ይወጣል። ለዓመታት አይቼዋለሁ፤ ዛሬ ነው ያየሁት።

"ይሄን የጠቆረ ግድግዳ ምን ልታደርጊው ነው የምታነሺው?" አለችኝ።

"እምዬ፣ ለፎቶሽ ጀርባ ነው።"

"ሳሎኑ እያለ?"

"ሳሎኑን ግንበኛ ነው የሠራው። ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው።"

ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ" ብላ ጀበናዋን ጣደች።

ስለ አነሳሱ ልጻፍ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ነሐሴ ነው፣ ሰማዩ ድፍን ደመና ነው። በደመና ብርሃን የተነሳ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። ብርሃኑ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ጉብታውም ጎድጓዳውም ጥላ የለውም። ቴክስቸር ማለት ደግሞ ጥላ ነው። ስለዚህ ጨለም እስኪል ጠበቅኩና የሌላ ስልክ ባትሪ ከግድግዳው ጋር አስጠግቼ በጎን አበራሁበት። ያኔ እያንዳንዱ ጭድ ብድግ አለ። የጣቶቿ መስመር እንደ እርሻ ትልም ታየ። ስምንት ፎቶ አነሳሁ። የነጠላዋንም ጥለት በመስኮት ብርሃን ለብቻው አንስቼ ተመለስኩ።

እሁድ፣ ነሐሴ 11

ግድግዳውን እንዳለ ከኋላዋ አላስቀመጥኩትም። ሞክሬው ነበር። የጭሱ ጥቁረት፣ የስልኩ ባትሪ ሰማያዊ ብርሃን፣ የጭዱ ቢጫ፣ ሁሉም ከፊቷ ጋር ይሻማሉ። የምፈልገው የግድግዳውን ሸካራነት ነው እንጂ ቀለሙን አይደለም።

ስለዚህ ከታች አንድ ወጥ ቀለም ዘረጋሁ፤ ቀላ ያለ ቡኒ፣ የረጠበ ጭቃ ዓይነት። ከላዩ የግድግዳውን ፎቶ ቀለሙን አውጥቼ ግራጫ አድርጌ ጫንኩ። ከዚያ ሃይ ፓስ ፊልተር ሰጠሁት። ይህ ሰፋፊውን የብርሃንና የጥላ መበላለጥ ጠርጎ ያወጣል፣ ትንንሹን ዝርዝር ብቻ ያስቀራል። ባትሪው በቀረበበት በኩል የነበረው ንጣት ጠፋ። ምስሉ በሙሉ መካከለኛ ግራጫ ሆነ፤ ጭዱና መስመሩ ከዚያ ከፍና ዝቅ ብለው ይታያሉ።

አሁን የሌየሩ ሞድ፣ ማለትም ከላይ የተጫነው ምስል ከታቹ ጋር የሚዋሃድበት ስልት። በማልቲፕላይ ጀመርኩ። ማልቲፕላይ የላዩን ከታቹ ጋር ያባዛና ለ255 ያካፍላል። የታቹ 90፣ የላዩ 150 ቢሆን 53 ይወጣል። ነጭ ካልሆነ በቀር ማንኛውም ነገር ያጨልማል። ጀርባዬ እንደ ከሰል ጠቆረ። ነጭ ወረቀት ላይ የተጻፈ ፊርማ ሌላ ሥዕል ላይ ለማሳረፍ ግን ከማልቲፕላይ የተሻለ የለም፤ ነጩ ራሱ ይጠፋል።

ለዚህ ሥራ ኦቨርሌይ ነው። ኦቨርሌይ መካከለኛ ግራጫን ሲያገኝ ምንም አያደርግም። ከዚያ የነጣውን ያበራል፣ ከዚያ የጠቆረውን ያጨልማል። የታቹ ያው 90 ሆኖ የላዩ 150 ሲሆን 106 ይሰጣል፤ የላዩ 100 ሲሆን 71። ለዚህ ነው ሃይ ፓሱ መጀመሪያ ያስፈለገው። ግራጫው መሃል ላይ ካልተቀመጠ ጀርባው በሙሉ ወደ አንድ በኩል ያጋድላል። ኦፓሲቲውን (የላዩ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚታይ) 45 ላይ አቆምኩ።

የቆየ የጊምፕ ትምህርት ለሚከተል አንድ ነገር ልናገር። እስከ 2.8 ድረስ ጊምፕ ውስጥ ኦቨርሌይ የተባለው ውጤቱ ሶፍት ላይት ነበር። በ2.10 ተስተካክሏል። በድሮው ቪዲዮ ላይ ያየሁት አልመጣልኝም የምትሉ ካላችሁ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

የግድግዳው ፎቶ ሸራውን አልሸፈነም። 3024 በ4032 ነው፤ የምፈልገው 3508 በ4961። ማሳደጉን አልወደድኩትም፤ ጭዱ የአጥር እንጨት ይመስላል። አራት ፎቶ ጎን ለጎንና ላይና ታች አድርጌ መጋጠሚያውን በሂል እና በክሎን (ከሌላ ቦታ ወስደው በሚለጥፉ ብሩሾች) ሸፈንኩ። መስመሩን መሸፈን ቀላል ነው። የሚያጋልጠው ሁለት ቦታ የታየ አንድ ዓይነት ጭድ ነው። ዓይን የሚደጋገም ነገር ወዲያው ይይዛል። አንዷን መንጠቆ መሳይ ጭድ ሦስት ቦታ አግኝቼ ሁለቱን አነሳኋቸው።

ቴክስቸሩ እምዬ ላይ እንዳያርፍ ከእሷ ሌየር በታች ነው ያለው። ፊት ላይ ቴክስቸር የሚጭኑ ፖስተሮች አያለሁ። አልወደውም። የሰው ቆዳ የራሱ ቴክስቸር አለው። የእምዬ መጨማደድ አንዱም አልተነካም፤ አይነካምም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ከ1 ሰዓት ጀምሮ መብራት የለም። ልጆች በጨለማው ሆያ ሆዬ እያሉ ዱላቸውን ደጃችን ላይ ሲደበድቡ አመሹ። ሙልሙል ሰጥቼ ገባሁ። ፋይሉ ተቀምጦ ነበር። በየ10 ደቂቃው ሴቭ ማድረግ ልማዴ ነው።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

ፎቶው ጉልበቷ ላይ ስለሚያበቃ ጥለቱ አይታይም። እኔ ደግሞ እንዲታይ ፈለግኩ። ነጠላዋ ያለ ጥለቱ ጎደለብኝ።

ለብቻው ያነሳሁትን ጥለት ከባክግራውንዱ ቆረጥኩ። ይሄኛው ድፍን ስለሆነ በፓዝ ብቻ ወጣ። ከዚያ ፊቷን ዙሪያ በሚሄደው የነጠላ ጠርዝ ላይ በዋርፕ እያጠፍኩ አስኬድኩት። ጥለቱ ጨርቁ ላይ የተለጠፈ እንዳይመስል ዲስፕሌስ ፊልተር ተጠቀምኩ። ፊልተሩ የነጠላውን ብርሃንና ጥላ እንደ ካርታ ያነባል። በዚያ መሠረት ጥለቱን እጥፋቱ ባለበት ይገፋዋል። ከዚያ የነጠላውን ጥላ ኮፒ አድርጌ በማልቲፕላይ ከላዩ ጫንኩበት። አረንጓዴውና ወርቃማው ክር ፊቷን ከበበው። በጣም አማረኝ። ለአክስቴ ላክሁላት።

ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ደወለች።

"ማን ሞተብን?"

ደነገጥኩ። "እንዴ! ማንም!"

"ታዲያ ለምን አዘቅዝቀሽ አለበስሻት? ጥለቱን ወደ ላይ አድርገሽ እኮ ነው! በልደቷ ቀን ሐዘንተኛ አድርገሽ ልትሰቅያት ነው?"

ቃሏ ሆዴን አላወሰው። አውቀዋለሁ እኮ። ለቅሶ ቤት ስንቴ አይቻለሁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው ሲገቡ። ስክሪን ላይ ሲሆን ግን ቀለምና መስመር ብቻ አየሁ። ጨርቁን ረሳሁት።

ሌየሩን ወዲያው አጠፋሁት። ለአክስቴ አመሰገንኳት። ይህን በመስከረም 1 እምዬ ብታየው ኖሮ ምንም አትለኝም ነበር፤ ዝም ብላ ትቀበለኝ ነበር። ያ ነው የሚከብደኝ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

ፍልሰታ ነው። እምዬ ጋ ምሳ በላን። ከምሳ በኋላ ነገርኳትና ሳቀች። ተነስታ ያንኑ ነጠላ አመጣች። "ለቤተ ክርስቲያን እንዲህ ነው" ብላ አጣፋችው። "ለዓመት በዓል እንዲህ" ብላ ጣል አደረገችው፤ ጥለቱ ጉልበቷ ላይ አረፈ። "ለሐዘን ያሳየሽው ነው፤ እሱን አላሳይሽም።"

እኔም ከዚያው ላይ ፎቶ አነሳሁ። ፎቶው ከሚያበቃበት በታች ያለውን የነጠላውን ክፍል እስከ ጥለቱ ድረስ። ሶፋው ያው ነው፣ አቀማመጧም ያው። ይህን ከፋሲካው ፎቶ ስር እቀጥለዋለሁ።

ሌላም ያየሁት ስህተት አለ። የፋሲካው ፎቶ ላይ ብርሃኑ ከግራ መስኮት ነው የሚመጣው። የአፍንጫዋ ጥላ ወደ ቀኝ ነው። ግድግዳውን ሳነሳ ግን ባትሪውን በቀኝ ይዤ ነበር። የጭዱ ጥላ ወደ ግራ ይወድቃል። ተመልካች ይህን በቃል ላይናገረው ይችላል፤ ግን የሆነ ነገር ተለጥፏል ብሎ ይጠረጥራል። አቋራጩ ፎቶውን ግራ ቀኝ መገልበጥ ነው። እሱን ካደረግኩ ግን የጣቶቿ መስመር ይገለበጣል። እምዬ ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሰው ናት። የልስኑ ቅስት የግራ እጅ ይሆንብኛል። ስለዚህ ማታ ጠብቄ በድጋሚ አነሳሁት። አሁን ባትሪው በግራ።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 20

አዲሱን ግድግዳ አስገባሁ። የነሐሴ 11ን ሥራ በሙሉ ደገምኩት፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲሆን አንድ ሰዓት አልፈጀም። የታችኛውን ነጠላ ቀጠልኩ። የሁለቱ ፎቶ ነጭ አይመሳሰልም፤ አዲሱ ወደ ቢጫ ያደላል። በከርቭስ ሰማያዊውን ከፍ አድርጌ አቀራረብኳቸው። መገናኛውን አንድ እጥፋት ጥላ ውስጥ ደበቅኩት።

ከዚያ ጥላ። የተቆረጠ ሰው አዲስ ጀርባ ላይ ሲቀመጥ የሚንሳፈፈው ጥላ ስለሌለው ነው። ከእምዬ ሌየር ስር ቅርጿን ኮፒ አድርጌ፣ ወደ ቀኝና ወደ ታች ገፋ አድርጌ፣ በደንብ አደበዘዝኩት። ቀለሙን ጥቁር አላደረግኩትም። ቡኒ ግድግዳ ላይ ያለ ጥላ ጥቁር ቡኒ ነው። ከነጠላው ስስ ቦታ ስር ጥላውን ቀነስኩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ጥላውም ስስ ነው።

አሁን ከትከሻዋ በላይ ሳቀርበው፣ በድርና ማጉ መካከል የማድ ቤቱ ጭድ ይታያል። አንዲት ጭድ ከነጠላው ውጭ ትጀምርና ወደ ውስጥ ገብታ ደብዘዝ ብላ ትቀጥላለች። መጋረጃው የነበረበት ቀዳዳ ሁሉ አሁን ግድግዳዋ ነው። ለረጅም ጊዜ አየሁት።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 24

ሙከራ ሕትመት። ኤ3ውን በሙሉ ከማሳተሜ በፊት ሦስት ቁራጭ፣ ማለትም ፊቷን፣ ስሱን ነጠላና ጥለቱን፣ አንድ ኤ4 ላይ ሰብስቤ አሳተምኩ። ጥሩ ነው ያደረግኩት። ስክሪን ከራሱ ብርሃን ያፈልቃል፤ ወረቀት የክፍሉን ብርሃን ነው የሚመልሰው። ጀርባው ካሰብኩት በላይ ጠቁሯል። ቴክስቸሩም ስክሪን ላይ ለስላሳ የነበረው ወረቀት ላይ ሻክሯል። የጥለቱ አረንጓዴ ፈዟል፤ አርጂቢ (የስክሪን ቀለም) ላይ ያለ ደማቅ አረንጓዴ በአራቱ የማተሚያ ቀለሞች አይደረስበትም።

ማስተካከያው፦ ኦቨርሌዩን ከ45 ወደ 30 ዝቅ አደረግኩ። የታቹን ቡኒ ትንሽ አፈካሁት። ጥለቱን ግን አረንጓዴውን አላስገደድኩትም፤ ዙሪያውን ያለውን ነጭ ሞቅ አደረግኩት፣ በንጽጽር አረንጓዴው ነቃ።

ሁለት ፋይል አስቀመጥኩ። አንዱ ሌየሮቹ በሙሉ ያሉበት የጊምፕ ፋይል ነው። ሌላው እምዬ ብቻዋን፣ ጀርባ የሌላት ፒኤንጂ ነው። ጄፔግ ክፍት ቦታን አያውቅም፤ በነጭ ይደፍነዋል። ይህን ሁሉ የነጠላ ቀዳዳ ከፍቼ በአንድ ሴቭ እንዲደፈንብኝ አልፈልግም።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 3

ታትሞ መጣ። ከፍሬም ሠሪው ጋ መስታወት የሌለው ይሁን ብያለሁ። የሳሎኑ መስኮት ፊት ለፊት ስለሆነ መስታወት ካለው የሚታየው መስኮቱ ነው።

ሐሙስ፣ መስከረም 1 ቀን 2018

ከቡና በፊት ሰቀልነው። ሁሉም ፊቷን አየ። አክስቴ መጀመሪያ ያየችው ጥለቱን ነው፤ ጉልበቷ ላይ መሆኑን አረጋግጣ ተቀመጠች።

እምዬ መነጽሯን አድርጋ ቀረብ አለች። ራሷን ብዙም አላየችም። ከራስጌዋ በስተቀኝ ያለውን የግድግዳውን ክፍል ስታይ ቆየች።

"ይሄ ቦታ ጭቃው በደንብ አልቦካም ነበር" አለች። "ጭዱ ጠንክሮ ቀረ። ዝናብ መጣብኝና ቸኮልኩ።"

በጣቷ አሳየችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያ ጋ ጭዱ ቆሞ ይታያል። እኔ ያንን ቦታ በሂል አለስልሼ ላስተካክለው ነበር፤ ስለደከመኝ ተውኩት።

አሜሪካ ያለው አጎቴ ለራሱም አንድ ይፈልጋል። ዛሬ ማታ ፋይሉን እልክለታለሁ። ጭዷ እንዳለች ነው የምትሄደው።